አንዲት ትርፍ መስመር

አባ መልሰው የተገኙት በገዛ ቤታቸው፣ በማሽን ክፍላቸው ውስጥ፣ ከኮምፒውተር መደርደሪያው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነው። የመደርደሪያው ብረት ጠርዝ ደም ነክቶታል። ክፍሉ ማሽኖቹ እንዳይግሉ ቀን ከሌት ስለሚቀዘቅዝ፣ ሐኪሙ የሞቱበትን ሰዓት ለመናገር አልደፈረም። አንድ ነገር ብቻ አረጋገጠ፤ ወዲያው አልሞቱም፣ ሰው ቢደርስላቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር።

መርማሪዋ ከጠዋት ጀምሮ ደሟ ፈልቷል። አለቃዋ ሁለት ጊዜ ደውሎ የሟቹን ልጅ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይዛት እንድትመጣ አዟታል። የአለቃው ሂሳብ ቀላል ነው፦ ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ሟቹ ከዚሁ ወንበር ላይ ሥራ ሠርተዋል፤ ማሽኑ መዝግቦታል። በዚያ ሰዓት ቤት የነበረችው ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ብቻ ናት። ልጅቷ ደግሞ ፎቅ ላይ ስሰፋ ነበር ከማለት ሌላ ቃል የላትም፤ አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ተዘግቷል።

ሟቹ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተርን የሚያሠራ፣ ዩኒክስ የሚሉት ዓይነት የአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮድ ጠባቂ ነበሩ። ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ማስተካከያ ይልካል። እሳቸው ሳይቀበሉት ግን አንዲት መስመር አትገባም። ስህተት ካዩ በሰው ሥራ እጃቸውን አያስገቡም፤ «መልሰው» ይሉታል ምክትላቸውን፣ ሥራው ወደ ላኪው ይመለሳል። ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ከዚሁ ነው።

ምክትሉ አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው የሠራ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። በሰባት ሰዓት በሕይወት ትቻቸው ወጣሁ አለ፤ በዘጠኝ ሰዓት የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነበር፣ ሐኪሙም መስክሯል። ኮዱን የምትፈትሸው ሴት ደግሞ በስድስት ሰዓት ወጥታ እስከ ማታ ስታስተምር ውላለች። በዘጠኝ ሰዓት የገባው ማስተካከያ የእሷ ነው። «እንዳለ ተቀብዬዋለሁ» የሚል ማስታወሻ አለው፤ ይህን ስትናገር እንባዋ መጣ። ጋሼ እንዲህ ብለዋት አያውቁም።

«ማሽኑን በዘጠኝ ሰዓት አስገባ ብሎ አዞ መሄድ አይቻልም?» ስትል መርማሪዋ ጠየቀቻት።

«ይቻላል። ግን ጋሼም ራሳቸው ሊያዙት ይችላሉ።»

ይኸው ነው እንግዲህ! አንዱን በር ስትከፍት ሌላው ይዘጋባታል። መርማሪዋ በብስጭት የተላከውንና የገባውን በወረቀት አትሙልኝ አለች። ከዚያ ማስመሪያ ይዛ፣ አንድም ነገር ሳይገባት፣ መስመር በመስመር ስታስተያይ ዓይኗ ጠፋ። የተላከው ሁለት መቶ አርባ መስመር ነው። የገባው ሁለት መቶ አርባ አንድ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ሦስቱንም ማሽን ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይቺ መስመር ምንድን ናት?» አለች ወረቀቱን ለፈታሿ እየሰጠች።

ሴትየዋ አንብባ ፊቷ ተለወጠ። ያለ መስመሯ፣ ዲስክ ሲበላሽ ፕሮግራሙ የያዘውን ዲስክ ሳይለቅ ይወጣ ነበር፣ ማሽኑም ደርቆ ይቀር ነበር። «ስህተቱ የኔ ነው፤ አላየሁትም። መስመሯ ታርመዋለች። እኔ ግን አልጻፍኳትም።»

«አንቺ ብታውቂ ኖሮ አርመሽ ትልኪ ነበር። ሟቹ ቢያዩት ይመልሱልሽ ነበር፤ የሰው ሥራ አይነኩም። ልጃቸው መርፌ እንጂ ኮድ አታውቅም።» መርማሪዋ ወደ ምክትሉ ዞረች። «አንተ ሰዓቱን አዘህ ልትወጣ ነው። የራስህን ሥራ ብታስገባ ትጠረጠራለህ፤ የእሷን መረጥክ። ስታነበው ግን ስህተቱን አየህ።»

ምክትሉ መሬት መሬት እያየ አመነ። ሥራውን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መልሰውበታል። ትናንት ሃያኛ ሆነ፤ ያኔ ገፋቸው።

«መስመሯን ለምን ጨመርክ?» አለችው።

«በዓለም ስንት ማሽን ላይ ይጫናል መሰለዎት፣ ኢንስፔክተር? ስህተት መሆኑን እያወቅኩ እንዴት ልለፈው?»

«እሳቸውን ግን አለፍካቸው። እግርህ ሥር ሆነው እየተነፈሱ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ መርማሪዋ ለአለቃዋ ደወለች፤ ልጅቷ የትም አትሄድም አለችው፣ ስልኩንም ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ፈታሿ ወረቀቱን እንደያዘች ቀርታለች። መስመሯ ትክክል ስለሆነች መውጣት የለባትም። በደንባቸው ግን እያንዳንዷ መስመር አጠገብ የጻፋት ሰው ስም ይቀመጣል፤ ከሳቸው ማሽን ስለገባች አሁን ያለው የጋሼ ስም ነው። ምን ላድርግ ብላ ልጅቷን በዓይኗ ጠየቀቻት።

ልጅቷ የአባቷን ወንበር ይዛ ቆማ ነበር።

«የምክትሉን ስም ጻፊ» አለች በተዘጋ ድምጿ። «አባዬ ያልሠራውን አይወስድም።»