እስከ በሩ ድረስ

«እስቲ አንድ ጊዜ ደግመሽ ፋቂው!» አለች ፅዮን።

ኢብቲሳም ከባትሪው ጋር ያገናኘችውን ሽቦ ከባትሪው ሌላኛ ጫፍ ጋር በተያያዘው ሞረድ ጥርሶች ላይ ጎተተችው። ትንንሽ ብልጭታዎች ፈነጠቁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ራዲዮ፣ አንድም ሽቦ ሳይነካው፣ «ክርርር» አለ። ፅዮን ራዲዮውን አቅፋ ወደ ኋላ ሄደች። ድምፁ እየሳሳ መጣና ከክፍሉ በር ላይ ጠፋ።

«አለቀ። ከዚህ አያልፍም» አለች ኢብቲሳም።

ፅዮን ፊቷ ተለዋወጠ። «ለመምህር ደሳለኝ እኮ ከሜዳው ማዶ፣ ባንዲራው ጋ ይሰማል ብያቸዋለሁ!»

«ሳንሞክረው?»

«ወልድያ ሄዶ በሳይንስ የሚወዳደረው ቡድን ዛሬ ነው የሚመረጠው፤ ምን ላድርግ?» ፅዮን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን አታስቢ። ወንድምሽ ዓሪፍ ራዲዮውን ይዞ ማዶ ይቆማል። ጃኬቱ ውስጥ ሌላ ሞረድና ባትሪ አለው። አንቺ ስትፍቂ እሱም ይፍቃል። በቃ!»

«ወላሂ፣ ፅዮን፣ ይሄ ነገር…»

ሳትጨርሰው ተራቸው ደረሰና ተጠሩ።

ተማሪው ሁሉ ሜዳው ዳር ተሰብስቧል። ማዶ ዓሪፍ፣ በዚያ በመርሳ ከተማ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ላቡ ይንቆረቆራል። ኢብቲሳም ሽቦውን አነሳች። ነገሩን ጠንቅቃ ታውቀዋለች።

«ዓሪፍ! ራዲዮውን ወደዚህ አምጣው!» ስትል ጮኸች።

ዓሪፍ ግራ ተጋብቶ ፅዮንን አየ፤ ከዚያ እያዘገመ መጣ።

«መምህር፣ ማዶ አይሰማም» አለች ኢብቲሳም። «የሚደርሰው ክፍል ውስጥ ከጠረጴዛው እስከ በሩ ያህል ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ግን ላሳያችሁ።»

አንዳንዶች ሳቁ። እሷ ፋቀችው፤ ራዲዮው ጮኸ፤ ሳቁ ቆመ።

«ሽቦው ሞረዱን በነካና በለቀቀ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ወዲያና ወዲህ ይርገበገባል። ያ ርግብግብታ ሞገድ ሆኖ በየአቅጣጫው ይሰራጫል። አንድ እፍኝ ጤፍ ጠባብ መደብ ላይ ብትበትኑት ይጠቀጠቃል፤ ያንኑ እፍኝ ሰፊ ማሳ ላይ ብትበትኑት ይሳሳል። ሞገዱም እንደዚያው ነው።»

«ታዲያ የራዲዮ ጣቢያው እንዴት ከአዲስ አበባ ይደርሰናል?» አለ አስፋው፤ የሌላኛው ቡድን መሪ ነው።

«የእነሱ ማሰራጫ ማማ ረጅም፣ ኃይላቸውም ብዙ ነው። የእኛ አንዲት ባትሪ ናት።»

መምህር ደሳለኝ ሽቦውን ተቀብለው ራሳቸው ፋቁት፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ ግን ቀና ብለው «ባንዲራው ጋ ይሰማል ያለችኝ ማን ነበረች?» ሲሉ ፅዮን አንገቷን ደፋች።

«ቡድናችን ነው፣ መምህር» አለች ኢብቲሳም። «ሳንሞክር ቸኮልን።»

የተመረጠው የአስፋው ቡድን ሆነ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ፅዮን ፊት ፊት ሄደች። መናኸሪያው ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «ዕድላችንን ለአስፋው አስረከብሽው» አለች።

«አዎ።»

አንድ አውቶቡስ እያጓራ አለፈ። ኢብቲሳም አቧራው እስኪበርድ ጠበቀች።

«ነገ ረጅም ሽቦ ይዤ እመጣለሁ» አለች። «እንደ ጣቢያው ማማ ሞገዱን አርቆ እንዲልክ ከዛፍ ዛፍ እንዘረጋዋለን። የእውነት ማዶ ከተሰማ፣ ለመምህር የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ።»