የሰባት ዲግሪ ዝምታ

መጀመሪያ የተገናኙት በሞተር መፈተሻው ክፍል በር ላይ ነበር። እርሱ ሊወጣ፣ እርሷ ልትገባ፤ በሩ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበርና ሁለቱም ቆሙ። በእጇ፣ እንደታመመች ወፍ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ይህን ሞተር የሚያነደው ሰውዬ የት ይገኛል?» ብላ ጠየቀችው።

«ሰውዬው እኔ ነኝ። የሚያነደው ግን ካንዴላው ነው።»

ፈገግ ብላ መሐረቡን ስትፈታው ከጣት የማይበልጥ የነዳጅ መርጫ ወጣ። እርሱ መርጫውን ማየት ሲገባው እጇን አየ፤ ማየቱንም አየችበት።

ሞተሩ እንደ ሌሎቹ ፒስተን የሚመላለስበት አልነበረም። ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት ይዞራል፤ አየሩን የሚስበውም፣ የሚያምቀውም፣ ተቃጥሎ የሚገፋውም በዚያው ዙረት ነው። አካሉ ቀላል፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነበር። ነዳጁ የሚቃጠልበት ክፍል ረጅምና ቀጭን ከመሆኑም በላይ ራሱ እየሮጠ የሚሄድ ስለሆነ፣ እሳቱ ከዳር እስከ ዳር ሳይደርስ ነዳጁ ጥሬውን ይወጣል። ስለዚህ ብልጭታ የሚሰጡ ሁለት ካንዴላዎች ተተክለውለት አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ ይለኩሳሉ። የሚለኩሱበትን ቅጽበት የሚወስነውን ወጣት ባልደረቦቹ «ባለ እሳቱ» ይሉት ነበር። እርሷ ደግሞ ነዳጁን በክፍሉ ሁሉ ከመበተን ይልቅ፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ከቀዳሚው ካንዴላ አጠገብ እንደ ጉም መርጨት ይሻላል የሚል ንድፍ ይዛ መጥታ ነበርና፣ ሳምንት ሳይሞላት «ባለ ነዳጇ» ተባለች።

ጉሙ ካንዴላው ዘንድ የሚቆየው ከዓይን ጥቅሻ ላነሰ ጊዜ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ሞተሩ አይሠራም። ስለዚህም ልማድ አበጁ፦ በየማለዳው፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ እርሷ የምትረጭበትን ዲግሪ፣ እርሱ የሚለኩስበትን ዲግሪ በግድግዳው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ፤ ከዚያም አንዱ የሌላውን ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል። ቁጥሩ እምቅታው ጫፍ እስኪደርስ የቀረውን ዲግሪ የሚናገር ነውና፣ ባነሰ መጠን ይዘገያል።

«ሠላሳ ሁለት» ይላል እርሱ፣ የእርሷን።

«ሃያ አምስት» ትላለች የእርሱን። «ትናንትም ሃያ አምስት፣ ዛሬም ሃያ አምስት! ሥራ ነው ወይስ ግልበጣ?»

«ጥሩ ነገር ቶሎ አይለወጥም።»

«አቤት! ጥሩነቱን ማን መሰከረለት?»

እንዲህ እያነበቡ ወራት አለፉ። በልባቸው የተጻፈውን ግን አንዳቸውም ጮክ ብለው አላነበቡትም።

በዚህ መካከል እንግዳው መሐንዲስ መጣ። ከሌላ ተቋም የተላከ፣ በሞተሩ ግድግዳ ላይ በተገጠመች ትንሽ መስታወት ውስጥ ነበልባሉን ፎቶ የሚያነሣ መሣሪያ ያለው፣ አነጋገሩ የታረመ ሰው ነበር። ባለ ነዳጇም የረጨችውን ጉም በዓይኗ ለማየት ከዘጠኝ ወር በላይ ስትመኝ የቆየች ናትና፣ ቀኑን ሙሉ ከመሣሪያው ሥር አትጠፋም ነበር።

ባለ እሳቱ ከክፍሉ መስታወት ማዶ ሆኖ ሁለት ራሶች በአንድ ስክሪን ላይ አጎንብሰው ያያል። ሳቋ አይሰማውም፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን ያያል። ጆሮው ያልሰማውን ሳቅ ልቡ አጋነነው። ቅናት መጥፎ እንግዳ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ጥግ ይለምናል፣ በሦስተኛው ቀን ባለቤቱን ከአልጋው ያስወርዳል።

ከዚያ በኋላ ከሁሉ ቀድሞ እየገባ ቁጥሩን ጽፎ ይወጣ ጀመር። አንድ ማለዳ ባለ ነዳጇ ሆን ብላ ቀድማ ደረሰችበት።

«ዛሬም ሳታነብልኝ ልትሄድ ነው?»

«አንቺ አንባቢ አላጣሽም።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ፊትህን ለምን አጠቆርከው?»

ጠመኔውን አቀብሏት ወጣ። በሩ ከኋላው ሲዘጋ ጠመኔው በእጇ ውስጥ ተሰበረ።

ተቆጣጣሪዎች ንድፏን ሊመረምሩ ቀን ቆረጡ። ፈተናውን ካለፈ የእርሷ መርጫ የሞተሩ አካል ሆኖ ይጸድቃል፤ ካላለፈ ይነቀላል። በዋዜማው ባለ እሳቱ የሞተሩ ግድግዳ ከልክ በላይ እንደሚግል ስላስተዋለ፣ ብልጭታውን በሰባት ዲግሪ አዘገየው። ሥራው ትክክል ነበር። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄደ፤ ሃያ አምስትን አጥፍቶ አሥራ ስምንት ሊጽፍ ጠመኔ አነሣ። ከመስታወቱ ማዶ እንግዳው ለባለ ነዳጇ ወንበር ሲስብላት አየ።

«ከፈለገች መጥታ ትጠይቀኝ» አለ በልቡ። ጠመኔውንም መልሶ አስቀመጠው።

በማግሥቱ ሞተሩ ተነሣ፤ ሳለ፤ ተንቀጠቀጠ። ጉሙ በሰዓቱ መጥቶ እሳት ሲያጣ ካንዴላውን አልፎ ሄደ፤ ጥሬው ነዳጅ የጭስ መውጫው ውስጥ ገብቶ እዚያ ነደደ፤ ቧንቧው እንደ ፍም ቀላ። ሽበታሙ አለቃቸው ራሳቸው ሮጠው አጠፉት። ተቆጣጣሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ባለ ነዳጇ ወደ ሰሌዳው፣ ከዚያም ወደ ባለ እሳቱ ዞረች። ዓይኗ አይከስስም ነበር፤ ይለምን ነበር እንጂ።

«ሃያ አምስት ነበር አይደል?»

እርሱ ወለሉን አየ። ዝምታውን እንደ «አዎ» ቆጠረችው።

«የኔ ልጅ» አሉ አለቃው በሐዘን፣ «ንድፍሽ በወረቀት ላይ ያምራል። ከሰኞ ጀምሮ መርጫው ተነቅሎ ወደ ድሮው ካርቡራቶር እንመለሳለን።»

በኮሪደሩ እንግዳው ተከትሏት ሲናገር ባለ እሳቱ ሰማ። «እኛ ዘንድ ነይ። ንድፍሽም አንቺም የሚገባችሁን ክብር ታገኛላችሁ። ደግሞ... ለሥራው ብቻ ብዬም አይደለም።»

«እስከ ነገ ላስብበት» አለችው።

ባለ እሳቱ ቤቱ ሲገባ ታላቅ እህቱ ልብስ ትተኩስ ነበር።

«ምነው፣ የከሰል ጆንያ መሰልክ?»

ነገራት። ካውያውን አቆመችው።

«እና አሁን ልጅቷ ባንተ ኃጢአት ትሰደድ?»

«ማታ ማታ እየጸለይኩ ይቅርታ እለምናለሁ፣ እታለም።»

«ሰማይ ሩቅ ስለሆነ ቀለለህ አይደል? የበደልከው እሷን፣ የምትለምነው ፈጣሪን! እርሱ ያውቀዋል፤ ያላወቀችው እሷ ናት። ነገ ማልደህ ሂድ።»

በማግሥቱ አለቃው ቢሮ ውስጥ፣ እርሷም እንግዳውም ባሉበት፣ ሁሉን ተናገረ። አለቃው ይወዱት ነበርና መውጫ በር ሊከፍቱለት ሞከሩ።

«ሥራ በዝቶብህ... ዘንግተኸው ይሆናላ?»

«አልዘነጋሁም፣ ጋሼ። ጠመኔውን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። መጥታ እንድትጠይቀኝ ፈልጌ ነው። ቀንቼ ነው።»

እንግዳው ጉሮሮውን ጠራረገ። አለቃው ወደ ባለ ነዳጇ ጠቆሙ።

«ከዛሬ ጀምሮ እሳቱም ነዳጁም በእሷ ትእዛዝ ነው። አንተ የመፍቻ ቁልፍ ታቀብላለህ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ባለ ነዳጇ ከወንበሯ ተነሣች። «ይህን ሁሉ ወር የለፋሁበትን በአንድ ኩርፊያ አቃጠልከው?»

«አዎ።»

«ትናንት ዓይንህን እያየሁ ጠየቅሁህ እኮ!»

«አዎ።»

«አዎ አዎ አትበለኝ! ቁጥሩን ስጠኝ።»

«አሥራ ስምንት።»

ተቆጣጣሪዎቹ ሳይበተኑ መርጫውን በሰባት ዲግሪ አዘገየች። እርሱ ቁልፍ አቀበለ። ሞተሩ በመጀመሪያው ዙር ተነሣ፤ ድምፁም የተኛ ሕፃን ትንፋሽ መሰለ። በመሣሪያው ስክሪን ላይ ነበልባሉ ጉሙን ከዳር እስከ ዳር ሲሞላው ሁሉም አዩ። መርጫው ጸደቀ።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ባለ እሳቱ መሣሪያዎቹን ይወለውል ነበር። መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«አትጠይቀኝም?»

«ምኑን?»

«እንደምሄድና እንደማልሄድ።»

«ለመጠየቅ ምን ፊት አለኝ?»

«ፊትማ የለህም። አፍ ግን አለህ።»

ጨርቁን አስቀመጠ። «ትሄጃለሽ?»

«ጠዋት ልሄድ ወስኜ ነበር የመጣሁት። ‹ዘነጋሁ› ብትል ኖሮ ሄጄ ነበር።»

«ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?»

«ገና ነኝ። እያየሁህ ነው።»

አንድ ዓመት ሙሉ አየችው። እርሱም አንድ ዓመት ሙሉ ሳያጉረመርም ቁልፍ አቀበለ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ እንዲልክ ፈቀደችለት።

በተጋቡ በሳምንቱ እንግዳው መሐንዲስ ከሩቅ የደስታ ደብዳቤ ላከላቸው። ባልየው ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያም ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ቀናሁ» አላት።

«በምኑ?»

«የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እና ይህን ለመናገር ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«ኧረ፣ አሁን ነው የደረሰን» አላትና ደብዳቤውን አቀበላት።