በአማካሪው ክፍል የተሰማው ሳል

አቶ ተሾመ ሞቶ የተገኘው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነበር። ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ ኅዳር 2010 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል፤ ቦታው ጁባ፣ ንያኩሮን ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ። ሟቹ የተማሪዎች አማካሪ ነበር። ኮርስ መምረጥ ያቃተው፣ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ያሰበ፣ ከቤተሰቡ የተጣላ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። አስም እንዳለበት ያልሰማ ስላልነበረ ሰው ሁሉ «አስሙ ገደለው» አለ።

ከግድግዳው ማዶ የምትሠራው ረዳቱ በዛብሽ ግን ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነበራት። ስምንት ሰዓት ተኩል ግድም፣ በጄኔሬተሩ ጩኸት መሃል፣ ከአለቃዋ ክፍል የወንድ ድምፅ ሰምታለች። የማን እንደሆነ አልለየችም፤ «በዛብሽ ናት ያጠፋችው» የሚለው ብቻ ጆሮዋ ገባ። ከዚያ ሳል ተከተለ፤ ረጅም፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳል። ብድግ ብላ በሩ ድረስ ሄዳለች። ነገር ግን የአራተኛ ዓመት ተማሪው ባምላክ የሚከሳት መሰላት። አርብ ዕለት «መመረቅ አትችልም» ብላ ስትነግረው «አራት ዓመቴን አበላሻችሁብኝ!» ብሎ በሰው ፊት ጮኾባት ነበር። ፊቱን ዳግመኛ ለማየት አፈረች። በጓሮው በር ሹልክ ብላ ወጣች።

አስከሬኑን ያገኘው ያው ባምላክ ነበር። ቀጠሮ ይዞ መጥቶ፣ በሩን ቢያንኳኳ መልስ ሲያጣ ገባ። የአርቡን ጭቅጭቅ ሰው ስለነገራቸው ፖሊሶች ጠርጥረው ይዘውት ሄዱ።

እሑድ ጠዋት፣ የተማሪው መታሰር ያልተዋጠላቸው የኮሌጁ ዲን ዶክተር ሺፋ፣ ማናህሎሽን አስጠሩ። ማናህሎሽ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ በመርማሪነት ሠርታ አሁን ቶንፒንግ ሰፈር ባለ ሆቴል የጥበቃ ኃላፊ ነች። አጭር፣ ንግግሯም አጭር። ከቅዳሜ ጀምሮ ተቆልፎ የቆየውን ክፍል በዲኑ ቁልፍ የከፈተችላት በዛብሽ ነበረች።

ማናህሎሽ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ክዳን አነሳች። ቀጥላ ከበሩ ጀርባ የተሰቀሉትን ሁለት ጥቁር ቦርሳዎች አየች።

«ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው?»

«አንድ ሥልጠና ላይ የተሰጡን ናቸው፣ እትዬ። የግራው የጋሽ ተሾመ፣ የቀኙ የኔ፤ ሁለታችንም እዚህ ነው የምንሰቅለው።»

የግራውን ስትከፍተው በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ኢንሄለሩ፣ አለ። ክዳን የለውም።

«ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚያኖሩት?»

«ድሮ አዎ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቦርሳ ተቀያይረን የኔን ይዘው ሄዱ። መንገድ ላይ ሲያፍናቸው ለትንሽ ተረፉ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ከሸሚዛቸው ኪስ አይለይም።»

«አንቺ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ።»

ማናህሎሽ የቀኙን ቦርሳ ከፈት አድርጋ አየችው። ስልክ አለበት፤ የቤት ቁልፍ አለበት። ከዚያ የበዛብሽን ፊት አየችና ወጣች። የበዛብሽ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

የተማሪዎችን መዝገብ የሚይዘው ሬጅስትራሩ አቶ ገብረእግዚአብሔር አዲስ አበባ የአንድ ወር ዕረፍት አድርጎ የተመለሰው አርብ ነበር።

«ቅዳሜ ጠዋት ሰላም ብዬው ሄድኩ» አለ። «ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

«አስሙ ያስቸግራቸው ነበር?»

«በጣም እንጂ! መድኃኒቱን ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ምስኪን፣ ተነስቶ ማውጣት አቅቶት ይሆናል።»

ባምላክን ፖሊስ ጣቢያ አገኘችው።

«የግዴታ ኮርስ ሳትወስድ አራተኛ ዓመት ደርሰሃል አሉኝ» አለ ዓይኑ ቀልቶ። «ጋሽ ተሾመ እኮ አንደኛ ዓመት ላይ ውሰድ ብለው ጽፈውልኛል! ሬጅስትራር ወረቀቱ የለም አለ።»

«ክፍላቸው ስንት ጊዜ ገብተሃል?»

«ቅዳሜ የመጀመሪያዬ ነው። እኛን የሚያማክሩን ውጭ፣ ዛፉ ሥር ነበር።»

ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ዲኑ ቢሮ ተሰበሰቡ። የሟቹ ሚስት ራሄል ጥቁር ለብሳ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ባምላክ ከአንድ የፖሊስ መኮንን ጎን ቆሟል። ሦስት ሌሊት እስር ቤት አድሯል። በዛብሽ ወደ እሱ ማየት አልቻለችም።

«ክዳኑ የተገኘው ጠረጴዛው ሥር ነው» ብላ ጀመረች ማናህሎሽ። «ስለዚህ አቶ ተሾመ መድኃኒቱን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ ከፍተውታልም። እያፈነው ያለ ሰው ክዳኑን ጥሎ፣ ተነስቶ፣ መድኃኒቱን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ፣ ተመልሶ ተቀምጦ አይሞትም። የነጠቃቸው ሰው አለ። ከሞቱ በኋላም ‹ሳያወጡት ሞቱ› እንዲባል ቦርሳው ውስጥ ከተተው።»

ራሄል አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ባምላክ ከሁለቱ ቦርሳዎች የሟቹ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። በዛብሽ ታውቃለች፤ ግን መድኃኒቱ ወደ ሸሚዝ ኪስ መዛወሩንም ታውቃለች። እሷ ብትሆን ኪሳቸው ትከተው ነበር። ቦርሳውን የሚያውቅ፣ የሦስት ሳምንቱን ለውጥ ግን ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወሩን አዲስ አበባ ያሳለፈው።»

«እኔ?» አለ ገብረእግዚአብሔር። «በምን ምክንያት?»

ማናህሎሽ ከአቶ ተሾመ መሳቢያ ያገኘችውን አንድ ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አቶ ተሾመ ለተማሪዎች የጻፏቸው የምክር ወረቀቶች ቅጂ ነው። ዋናዎቹን ተረክበው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። አንዱም አልተመዘገበም። በዚህ ምክንያት ዘንድሮ ሃያ ሁለት ልጆች አይመረቁም። አቶ ተሾመ ሰኞ ለዲኑ ሊነግሩ ነበር፤ ጥራዙ ላይ ጽፈውታል።»

«እኔ ምን አውቃለሁ! በዛብሽ ናት ያጠፋችው!»

በዛብሽ ደነገጠች። ያው ቃል፣ ያው ድምፅ ነበር።

«ደግሞስ» አለ ሬጅስትራሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ መሆኔን ማን አየ?»

ማናህሎሽ ፊቷን ወደ በዛብሽ አዞረች። በዛብሽ ተነሳች።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች። «ስድስት ሰዓት ወጣሁ ያልኩት ውሸት ነው። ስምንት ተኩል ላይ እዚያው ነበርኩ። ይህንኑ ቃል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አቶ ገብረእግዚአብሔር። ባምላክ መስሎኝ ነበር።»

ገብረእግዚአብሔር ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

«አንድም ቀን አላነበብኳቸውም» አለ በመጨረሻ። «ካርቶን ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ሲበዙ አቃጥላቸዋለሁ። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ስሜ... ጥፋቱን በልጅቷ እናድርገው ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ሳል ሲጀምረው መድኃኒቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከየት እንዳወጣው አላየሁም። ክዳኑን ሲከፍት ነጠቅኩት። ‹እሺ በለኝና እሰጥሃለሁ› አልኩት። እሺ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።»

መኮንኑ ይዞት ወጣ።

«ከእሑድ ጀምሮ አውቄ ነበር» አለች ማናህሎሽ ወደ በዛብሽ ዞራ። «ስልኳንና ቁልፏን ሰቅላ በደህና ወደ ቤቷ የምትሄድ ሴት የለችም። ራስሽ እንድትናገሪው ጠበቅኩሽ።»

ባምላክ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነበር። «ሦስት ቀን ሙሉ...» አለና አልጨረሰውም። በሩን ገፍቶ ወጣ።

ራሄል ከመስኮቱ ተነስታ በዛብሽ ፊት ቆመች።

«ሲያስለው ሰምተሽ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ለምን አልገባሽም?»

«አፈርኩ።»

ራሄል ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም፤ ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

«አንቺ ብትሆኚ ኖሮ እዚያ የምታስዪው፣ እሱ ይገባ ነበር።»

በዛብሽ ወለሉን እያየች «አዎ» አለች። «ይገቡ ነበር።»