ዶክተር ኅሩይ ያጠፋው ቀይ ነጥብ

ዶክተር ኅሩይ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ሰው ሰላም ከማለቱ በፊት ካርታውን ይከፍታል። ሰላምታ ለሰው ነው፤ በዚያ በአባያ ሐይቅ ዳር በቆመው ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ፣ በእሱ ግምት፣ ከራሱ በቀር ሰው የሚባል አልነበረም። ካርታው ግን የእጁ ሥራ ነው። ስልክ ያለው ሁሉ በኢንተርኔት ገብቶ የሐይቁን ማንኛውንም ቦታ ሲነካ የውሃው ጥልቀት፣ ድፍርስነትና ሙቀት ብቅ ይልለታል። መረጃውን የሚልኩት እዚህም እዚያም መልሕቅ ተጥሎላቸው የሚንሳፈፉ፣ ከሥራቸው ሴንሰር የተንጠለጠለባቸው ቢጫ በርሜሎች ናቸው። ስክሪኑ ላይ ሐይቁ ንጹሕ ሰማያዊ ነው። ከመስኮቱ ባሻገር ያለው ግን ቡናማ ነው፤ ጭቃና ዓሣ ይሸታል፣ አዞ አለበት። ኅሩይ ያንን ሐይቅ ይንቀው ነበር።

በርሜሎቹን የሚጠግነው ኦይቻ የሚባል ጀልባ ነጂ ነው። ኦይቻ አዲስ ሴንሰር ውሃ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ብብቱ ሥር ይወትፈውና ቢሮ ስልክ ይደውላል፤ የገላው ሙቀት ካርታው ላይ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ ቀይ ነጥብ ሆኖ ከታየ ሴንሰሩ ደህና ነው ማለት ነው። ኅሩይ ይህን ልማድ ይጸየፈዋል።

"የመንግሥት ንብረት በላብህ አትለውስ!" ይለዋል።

ኦይቻ ይስቃል። ልማዱን ግን አይተውም።

አንድ ሰኞ ኦይቻ ወጥቶ አልተመለሰም። ጀልባው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ወለሉ እንደ ደረቀ፣ ሸምበቆ ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ሥራቸውን ትተው፣ የኅሩይን ካርታ በስልካቸው እያዩ፣ ሐይቁን ማሰስ ጀመሩ።

በማግስቱ ጠዋት መሐል ሐይቅ ላይ አንድ ቀይ ነጥብ ነበር። ሠላሳ ሰባት። ዙሪያው ሁሉ ሃያ አምስት። ኅሩይ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አየው። ከመስኮቱ ሥር ውሃው ድንጋዩን እየላሰ ይመለሳል፤ ከላይ ቆርቆሮው በፀሐይ እየተንቋቋ ነው። አንድ ሰው በርሜል ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሴንሰሩን በብብቱ ይዞ፣ እዚህ ነኝ እያለ ይሆን የሚል ሐሳብ መጣበት፤ አልመጣበትም ማለት ውሸት ነው። ግን ሐሙስ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ካርታውን ሊመርቁ ነው። በዚያ ሰማያዊ ላይ ብጉር ይታይ? ደንቡን ያወጣው ደግሞ ራሱ ነው፤ ከጎረቤቶቹ የራቀ ቁጥር ስህተት ነው፣ ይጠፋል፣ ቀዳዳውም በጎረቤቶቹ አማካይ ይሞላል። ነጥቡን ነካና "ስህተት" የሚለውን መረጠ። ሐይቁ ሰማያዊ ሆነ። ወደ ነጥቡ ይቀዝፉ የነበሩት አስጋሪዎች ጥቂት ቆመው ስልካቸውን አዩና ዞሩ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሻዩ አፉ ጋ ሳይደርስ ይቀዘቅዝበት ጀመር። ማታ ሲወጣ ዘበኛው ጋሽ ዳልጋ የዘረጉለትን እጅ በንቀት በጣቱ ጫፍ ሲነካው፣ ሽማግሌው እጃቸውን መንጨቅ አድርገው መለሱ።

"ምነው ዶክተር፣ እጅዎ ከውሃ የወጣ ዓሣ መሰለ?"

"ሰው ሲያረጅ ደሙ ይበርዳል፤ የቀዘቀዙት እርስዎ ነዎት" ብሎ አለፋቸው።

ረቡዕ የኦይቻ ሚስት ቦጋለች መጣች። ጫማዋ ጭቃ ነው፤ ድምፅዋ በለቅሶ ሰልሏል።

"ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እስቲ ካርታውን ይክፈቱልኝ። የሐይቁን ሆድ ያሳያል ይል ነበር ባሌ።"

"ይኼ የውሃ ካርታ ነው፣ የባል አይደለም።"

እሷ ግን ከትከሻው በላይ እያየች ነበር። ያጠፋው ቀይ ነጥብ አሁን ወደ ዳር በቀረበ ሌላ በርሜል ላይ ወጥቶ ነበር።

"ይኼ ቀዩስ? በብብቱ ሲይዘው እንዲህ ቀይ ይሆናል ብሎኛል! እሱ ነው! ይጥሩልኝ ጀልባዎቹን!"

"ስህተት ነው" አለ፤ ዓይኗ እያየ አጠፋው።

ቦጋለች አልጮኸችም። ሰማያዊውን ሐይቅ እያየች፣ "ምኑን ነው ያጠፉት?" አለች ቀስ ብላ። ከወጣች በኋላ ክፍሉ የጭቃና የዓሣ ሽታ ሸተተ፤ ሽታውን እሷ ትታው ሄደች ብሎ መስኮት ከፈተ፤ ሽታው ግን የሚወጣው ከገዛ እጅጌው ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ኅሩይን ግን ለማሳሳቅ እንኳ አልደከመበትም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ እንግዶቹ አዳራሹን ሞሉት። ኅሩይ ካርታውን ግድግዳው ላይ ዘርግቶ፣ የሚያዳምጡትን ሰዎች እንኳ እየናቀ፣ ስለ ሐይቁ ያስረዳ ጀመር። መሐል ንግግሩ ላይ ቀዩ ነጥብ ወጣ፤ ምንም በርሜል በሌለበት፣ ውሃው ዳር። ፈገግ ብሎ አጠፋው። ከሐይቁ ውጪ፣ የብስ ላይ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ በሚያመጣው መንገድ ላይ ወጣ። አጠፋው። ግቢው በር ላይ ወጣ። ውጪ ጋሽ ዳልጋ ከተቀመጡበት ሲነሡ ወንበራቸው ተንቋቋ፤ ቀጥሎም በእርጥብ እግር የሚረገጥ ሲሚንቶ ድምፅ፣ ቸፍ፣ ቸፍ፣ በኮሪደሩ መጣ። ከደጅ የቦጋለች እልልታ ተሰማና በመሐሉ ተቋረጠ።

"ሴንሰሩ ሁሉ ተበላሽቷል፤ አሁን አሳያችኋለሁ" አለ ኅሩይ። ጠረጴዛው ላይ ለማሳያ የተቀመጠውን ሴንሰር አነሣና፣ ይጸየፈው እንደነበረው ልማድ፣ ብብቱ ሥር ወተፈው።

ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ፣ አዳራሹ ባለበት ቦታ፣ ቀይ ነጥቦች አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ እንደ እንግዶቹ አቀማመጥ በረድፍ፣ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ሰባት። ከፊታቸው፣ እሱ በቆመበት፣ አንድ ሰማያዊ ነጥብ ነበር። ሃያ አምስት። ኅሩይ ሴንሰሩን አጥብቆ ጨመቀው። ቁጥሩ አልተነቃነቀም።

ውሃ የሚያንጠባጥብ የሞቀ ክንድ በትከሻው ላይ አልፎ ማውሱን ያዘ።

"ይቅርታ ዶክተር" አለ ኦይቻ፣ እንደ ወትሮው እየሳቀ፤ "ይቺ ቁጥር ከጎረቤቶቿ ርቃለች።"

ኅሩይ ሊጮህ አፉን ሲከፍት የሞላው ውሃ ነበር። ኦይቻ "ስህተት" የሚለውን ሲመርጥ ሰማያዊው ነጥብ ከነኅሩይ ጠፋ፣ ቀዳዳውም በጎረቤቶቹ ሙቀት ሞላ፤ እንግዶቹም አጨብጭበው ሲያበቁ ይህን የመሰለ ካርታ ብቻውን እንዴት እንደ ሠራው ኦይቻን ጠየቁት።