የሚስ ሃርግሮቭ ሠላሳ አንድ ደብዳቤዎች

ሐሙስ ጠዋት መምህርቷ ሚስ ሃርግሮቭ ከኬሚስትሪ ክፍሉ ወደ ምድር ቤት በሚወርደው ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ከሥራ ቀርተው የማያውቁ ሴት! ርእሰ መምህሩ «አዳልጧቸው ነው» ብሎ ነበር። መርማሪዋ ሎሬታ ዱቤክ ግን እጅጌያቸውን ሰብሰብ ስታደርግ ክንዳቸው ላይ የአራት ጣት ምልክት በልዞ አየች።

«ያዳለጠው ሰው ራሱን እንዲህ አድርጎ አይጨብጥም» አለች።

ጠረጴዛቸው ላይ ሠላሳ አንድ አቃፊ በፊደል ተራ ተደርድሯል። ነገ ለኮሌጆች መላክ የነበረባቸው የድጋፍ ደብዳቤዎች ናቸው። በየአቃፊው ሁለት ገጽ አለ። የመጀመሪያው በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ሲሆን ምሕረት የለውም፦ «ሰነፍ ነው። በእሱ ፈንታ የምታስበው እናቱ ናት።» ከሥሩ ያለው በታይፕ የተጻፈ ያማረ ደብዳቤ ነው።

«ይሄ ቀዩ ምን የሚሉት ነው?» ስትል የተማሪዎች አማካሪውን አቶ ፕሬንቲስን ጠየቀችው።

«አመላቸው ነው። መጀመሪያ የልጁን ጥፋት ሁሉ ይዘረግፉታል። “ንዴቴ ካልወጣልኝ እውነተኛ ምስጋና አይመጣልኝም” ይላሉ። ቀዩ ይጣላል፤ የሚላከው ሁለተኛው ነው።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ከእኔ በቀር ማንም። ልጆቹማ የተጻፈላቸውን ደብዳቤ ላለማየት ፈርመው ነው የሚያመለክቱት።»

«ለመሆኑ አንድ ደብዳቤ ይህን ያህል ዋጋ አለው?»

ፕሬንቲስ በረጅሙ ተነፈሰ። «አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይተው ያልፉታል። አልፎ አልፎ ግን ሁለት እኩል ልጆች ሲቀርቡ የሚለያቸው እሱ ነው። ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሰው ሁሉ የሚያብደውም ለዚህ ነው።»

ሎሬታ አቃፊዎቹን አንድ በአንድ ገለጠች። የኮራ ቴልፎርድ አቃፊ ውስጥ ያለው አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ቀዩ የለም። የቀረውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ቦታው መለሰችው።

የአንዱ ተማሪ እናት ወይዘሮ አሽኮም ጉንጫቸው አብጦ መጡ። ረቡዕ ቀን ኮሪደር ላይ ከሟቿ ጋር ሲጨቃጨቁ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሰምቷል።

«አልክድም፣ ጮኼባቸዋለሁ። “ልጅሽን ትጉህ ብዬዋለሁ” አሉኝ እኮ ፊት ለፊት! ትጉህ የሚባለው ጉብዝና የሌለው ነው፤ ማን ያጣዋል? ግን መግደል? ከዚያ ወጥቼ እስከ ምሽት ጥርስ ሐኪም ጋ ነበርኩ። ይኸው አፌ እንኳ አልተፈታልኝም።»

የኮራን አባት ሮይስ ቴልፎርድን ያገኘችው ኮሪደር ሲወለውል ነው። የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ነው።

«አንድዬ ልጄ ናት» አላት። «ያ ኮሌጅ ከተቀበላት ወጪዋን ሁሉ ይችልላታል። ካልተቀበላት ምን ምርጫ አላት? ከእኔ ጋር መወልወያ መያዝ ነው።»

«ሚስ ሃርግሮቭ ምን እንደጻፉላት ያውቃሉ?»

«ከየት አውቄ? ላታይ ፈርማለች እኮ።» ትንሽ ወለወለና ቆመ። «ብቻ የአሥረኛ ክፍል ልጅ አንዲት የቤተ ሙከራ ቁጥር ከጓደኛዋ ብትገለብጥ፣ ሰው በዚያ ይለካል? እስቲ ይንገሩኝ።»

ምነው ዝም ባለ ኖሮ፣ አለች ሎሬታ በልቧ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ከኮራ ጋር ኬሚስትሪ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ የገባው ሰው የወሰደው የኮራን ቀይ ገጽ ብቻ ነው» ብላ ጀመረች። «አቶ ፕሬንቲስ እንዳልል፣ ቀዩ እንደሚጣል ያውቃል፤ ምን ያደርግለታል? ወይዘሮ አሽኮም ቢሆኑ የልጃቸውን ነበር የሚወስዱት፤ ደግሞም በዚያ ሰዓት እሱ ጋ እንደነበሩ ሐኪማቸው መስክሮላቸዋል። ይህ ሰው ግን ቀዩን ዋናው ደብዳቤ መስሎታል። ከሥሩ ያለውን አላየም።»

ቀጥሎ የምትጠይቀውን ጥያቄ ጠላችው። ግን ሥራዋ ነው፤ ጠየቀች።

«ኮራ፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሽ የገለበጥሻትን ቁጥር ማን ያውቃል?»

የልጅቷ ፊት ቀላ። «ሚስ ሃርግሮቭ ብቻ። ራሴ ነኝ የነገርኳቸው። ለአባቴ እንኳ አልነገርኩትም፣ አፍሬ...»

እዚህ ላይ አቋረጠች። ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች።

ሮይስ ለማምለጥ አልሞከረም። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ትናንት ከትምህርት በኋላ ልጠርግ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አየሁት። “አጭበርብራለች” ይላል። ለመንኳቸው። “ከእንግዲህ ስለ ደብዳቤ ከወላጅ ጋር አላወራም” ብለው ወደ ታች ሊወርዱ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። መነጨቁኝ፣ ወደቁ። እንዲሰሙኝ ብቻ ነበር እኮ!»

ሎሬታ የቀረውን ገጽ አንስታ አነበበች።

«“ኮራ በአሥረኛ ክፍል አንድ የቤተ ሙከራ ውጤት ከጓደኛዋ ገለበጠች። በማግስቱ ማንም ሳይጠይቃት መጥታ ነገረችኝ። በሠላሳ ዓመት ካስተማርኳቸው ሁሉ፣ እንደ ራሴ ቃል የማምነው የዚህችን ልጅ ቃል ነው።”»

ሮይስ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ማንም ሊያነሳው አልሄደም።

«ታዲያ ይላክላት እንጂ!» አሉ ወይዘሮ አሽኮም። «ምን ትጠብቃላችሁ?»

«መላክ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ» አለ ፕሬንቲስ። «መምህሩ ራሱ ፈርሞ ያልላከውን አይቀበሉም።»

«ወረቀቱም ማስረጃ ሆኗል» አለች ሎሬታ። «ልሰጣችሁ አልችልም።» ድምፅዋ ለራሷም አስጠላት።

ፖሊሶቹ ሮይስን ይዘውት ወጡ። ኮራን አንድ ጊዜ ብቻ በስሟ ጠራት። ፕሬንቲስ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየና ልጅቷ አጠገብ ጎንበስ አለ።

«ማመልከቻው ላይ አንድ ቦታ አለ፣ ኮራ። ቤተሰቡ ላይ ከባድ ችግር የደረሰበት ተማሪ የሚያስረዳበት። እሱን ልትሞዪው ትችያለሽ።»

ኮራ አባቷ የወጣበትን በር እያየች ነበር።

«ስንት ቃል ይፈቅዳል?» አለች።

«ሁለት መቶ ሃምሳ።»