ለሦስት የተካፈለው ቁጥር

አዛውንቱ የሒሳብ መምህር ጥቁር ሰሌዳቸው ሥር በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። ማጅራታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መትቷል። ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር የሞላ አንድ ቁጥር ተጽፏል። መምህሩ ይህ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም እንደማይካፈል ለማረጋገጥ ሠላሳ ዓመት ደክመዋል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ጥርጥር» ይሏታል፤ ስሟ ቢከፋም ሥራዋ ያምርላታል። አስከሬኑን ገልበጥ አድርጋ አየች። የኮታቸው ጀርባ በጠመኔ ነጭ ሆኗል፤ ሰሌዳው ላይ ግን አንድም የተደመሰሰ ቦታ የለም። ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የቁጥሩን አኃዞች አንድ በአንድ ደመረች።

መጀመሪያ ምድር ቤት የሚኖሩትን የሟቹን ታናሽ ወንድም ጠየቀች።

«ቁጥሩን ያውቁታል?»

«ኧረ እኔ የስልክ ቁጥሬንም የምነግርሽ ሰው ጠይቄ ነው!»

ቀጥላ የመምህሩን የቀድሞ ተማሪ አነጋገረች። አሁን እሱም የሒሳብ አስተማሪ ነው።

«ዛሬ ጠዋት መጥቼ እውነቱን ነገርኳቸው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በኮምፒዩተር ሞክሬው ነበር። ቁጥሩ ይካፈላል።»

«ተናደዱ?»

«ሳቁ። ‹ለሦስት፣ ለሰባት፣ በትንንሾቹ ሁሉ ሞክሬ እንቢ ብሎኝ ነበር፤ ለካ አንዱ ትልቅ ሸውዶኛል› አሉ።»

የመምህሩ ሚስት በር ላይ ቆመዋል።

«እኔ ምኑ ይገባኛል?» አሉ። «ተኝቶ እንኳ ይለፈልፈው ነበር። ጆሮዬ እስኪደነቁር ሰምቼዋለሁ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሰሌዳው ፊት አስቀመጠቻቸው።

«የአኃዞቹ ድምር ለሦስት ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል። ይህን ተማሪ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቃል። ይኼ ቁጥር ለሦስት ይካፈላል፤ የመምህሩ አይካፈልም። ሠላሳ ዓመት አብረውት የኖሩትን ቁጥር ደግሞ እሳቸው አይስቱትም።»

«ታዲያ ማን ጻፈው?» አሉ ወንድምየው።

«የገፋቸው ሰው። ሲገፉ ጀርባቸው ሰሌዳውን ጠረገው። ገፊው እየጻፉ የወደቁ ለማስመሰል መልሶ ጻፈው፤ አንድ አኃዝ ግን ሳተ። እርስዎ ቁጥሩን አያውቁትም። ተማሪያቸው ቢሆን ሳይፈትሸው ጠመኔውን አያስቀምጥም። የቀረው በጆሮ ብቻ የሚያውቀው ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ሚስትየዋ ዞሩ።

«ልጅ እንውለድ ስለው ‹ቁጥሩ ይለቅ› ይለኝ ነበር» አሉ ሴትየዋ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ጠበቅሁ። አረጀሁ። ዛሬ ባዶ መሆኑን ነገረኝ፤ ‹ነገ በአዲስ ቁጥር እጀምራለሁ› አለኝ፣ እየሳቀ። ገፋሁት። ይሞታል አላልኩም። መልሼ የጻፍኩትም ለመደበቅ አይደለም፤ ሰሌዳው ባዶ ሆኖ ማየት አቃተኝ። ዕድሜዬ እኮ ነው የተደመሰሰው።»

ጥርጥር ትክክል መሆኗን ጠላችው።

«ልጄ፣ የቱን ነው የሳትኩት?» አሉ ሴትየዋ ወደ ተማሪው ዞረው።

እሱ እንባውን እየጠረገ ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ያለውን ስምንት አሳያቸው። «ስድስት ነበር፣ እትዬ።»

ሴትየዋ ስምንቱን በእጅጌያቸው ጠርገው በቦታው ስድስት ጻፉ። አሁን ከእንግዲህ ማንም የማይፈልገው ቁጥር ተስተካከለ። ጠመኔውን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ።