የምንጣፍ አንጣፊዎቹ ቲሸርት

«እስቲ እዪልኝ ሐረጌ፣ ሸጋ ነው?»

ሰርካለም ስክሪኑን ወደ ሐረገወይን መለስ አደረገችው። «የሰፈራችን ምንጣፍ አንጣፊዎች» የሚል ጽሑፍ በቀይ ተኮልኩሎበታል። ለጥምቀት ታቦቱ ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉት የሰፈር ወጣቶች ቲሸርት ላይ የሚተኮስ ነው።

ሐረገወይን አየችው። ሁለት ቦታ ላይ ፊደሎቹ ይነካካሉ። ሰርካለም ጽሑፉ ደረት ላይ እንዲበቃ ብላ ክፍተቱን አጥብባዋለች። ስክሪን ላይ ያምራል። ጽሑፉን ቪኒል ከሚባለው ስስ ላስቲክ ላይ የሚቆርጠው ማሽን ግን እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ ዙሪያውን ስለሚቆርጥ፣ የተደራረቡበት ቦታ ሲደርስ አንዱን በሌላው ላይ ይተለትለዋል። ሐረገወይን ይህን የምታውቀው ከደረሰባት ነው፤ አምና የአንድ ባጃጅ የኋላ መስታወት ጽሑፍ እንዲሁ አበላሽታ አክስቷ አኩርፈዋት ሰንብተዋል።

«አሪፍ ነው» አለች። ድምጿ እንኳን አልተለወጠም።

ቀንታለች፤ ሌላ ስም የለውም። ሰርካለምን ፒያሳ ወዳለው የአክስቷ የስቲከር ቤት ያመጣቻት ራሷ ናት። ልጅቱ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ከገጠር፣ ከኮሶዬ መጥታ ማራኪ ሰፈር ከእህቷ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። አንድ ዴስክ ላይ ስለሚቀመጡ «ከትምህርት በኋላ ብቻዬን ይደብረኛል፣ ነይ» ብላ ይዛት መጣች። ማውስ አያያዝ ያስተማረቻትም እሷው ናት። ብዙም ሳይቆይ ሰርካለም ፊደሎቹን አንድ በአንድ ገፋ መለስ እያደረገች በዓይኗ ብቻ ታስተካክላቸው ጀመር። አክስቷ እትዬ የትነበርሽም «የዚችን ልጅ ዓይን እዩልኝ» ማለት አበዙ። ዛሬ የቲሸርቱ ሥራ ሲመጣ ደግሞ «ይሄንን ሰርካለም ትሥራው፤ አንቺ ቲሸርቶቹን አጣጥፊ» አሏት። አጣጥፊ! ማሽኑ አጠገብ ላደገች ልጅ።

የቀረው ቀይ ቪኒል አንድ ጥቅል ብቻ ነው። ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጥምቀት ያልፋል። ሰርካለም የሁሉንም ቲሸርት ጽሑፍ ደርድራ በአንድ ጊዜ ልትቆርጠው ነው። ከተበላሸ ዳግመኛ ማሽኑ ላይ አትቀመጥም፤ ሐረገወይን አክስቷን ታውቃቸዋለች። ቦታዋ እንዲመለስላት ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ሰርካለም ጥቅሉን ማሽኑ ውስጥ አስገባች።

«አንቺ ባታዪልኝ እኮ አልደፍርም ነበር» አለች። «ሌላ ሰው ሸጋ ነው ቢለኝ አላምንም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።»

ሐረገወይን ያጠፈችውን ቲሸርት ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። ተናደደች፤ በሰርካለም ይሁን በራሷ አልለየላትም። ምናለ ትንሽ እንኳን ጉረኛ ብትሆን? ነገሩ ይቀላት ነበር።

ማሽኑ ጥቅሉን ሳብ አደረገ።

«አቁሚው» አለች።

«ምነው?»

«አቁሚው አልኩሽ።»

ሰርካለም አቆመችው። ሐረገወይን መጥታ በጣቷ አሳየቻት። «እዚህ እና እዚህ ይነካካሉ። መሃል ለመሃል ነው የሚቆርጣቸው። ሲተኮስ ብጥስጥሱ ይወጣል።»

ሰርካለም አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች። «ቅድም ሳሳይሽ አልታየሽም?»

አሁን ነው ያየሁት ብትላት ሰርካለም ታምናታለች። ያስቸገራትም እሱ ነው።

«ታይቶኝ ነበር።»

ሰርካለም ከወንበሩ ተነሥታ ፈቀቅ አለች። «እንግዲያው አንቺ ሥሪው።» አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሐረገወይን ባዶውን ወንበር አየችው። ስትመኘው የዋለችው እሱን ነበር።

በዚህ መሃል እትዬ የትነበርሽ ስልክ እያወሩ ገቡ። «ምንጣፍ አንጣፊዎቹ እነዕንባቆም ቲሸርታቸውን ሊወስዱ እየመጡ ነው። እስካሁን አልተቆረጠም እንዴ? ማነው ያዘገየው?»

ሰርካለም አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ አክስቴ» አለች ሐረገወይን። «ስህተቱን አይቼ ዝም አልኳት።»

እትዬ የትነበርሽ ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ። ቁጣው እንደሚመጣ ግልጽ ነበር። ሐረገወይን ግን ወንበሩን ወደ ሰርካለም ገፋችላት። «ተቀመጪ። ክፍተቱን ትንሽ ትንሽ እያልሽ ክፈቺው፤ ደረት ላይ ካልበቃ ሁለት መስመር እናደርገዋለን።»

ሰርካለም ተቀመጠች። ሐረገወይንን ቀና ብላ አላየቻትም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስታራርቅ ቆይታ፣ «አሁንስ ይነካካሉ?» ብላ ጠየቀች፤ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

ሐረገወይን ጎንበስ ብላ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተችው።

«አንድ ቦታ ቀርቶሻል» አለች።